ማን ማንን ለወግ አበቃ? የ«ዴር» ሸክላ ታሪክ

የፍቅር ዘፈን ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበን አንድ አፍቃሪና የእርሱ ብሶት ነው። አፍቃሪው ያዜማል፤ ተፈቃሪዋ ትወደሳለች ወይም ትወቀሳለች እንጂ ቃሏን ስትሰጥ አትሰማም። ከዚህ ልማድ ከወጡት ሥራዎች አንዱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 በእንግሊዝ አገር ታትሞ የወጣው የሂዩመን ሊግ ቡድን ሸክላ ነው። ስሙ «ዴር»፣ ማለትም «ድፈር» ይባላል።

ቡድኑ የበቀለባት ሼፊልድ የብረታ ብረት ከተማ ናት። በ1980 መጀመሪያ የብሪታንያ የብረት ወዝ አደሮች 13 ሳምንታት የፈጀ የሥራ ማቆም አድማ አድርገው ነበር። በዚያው ዓመት መገባደጃ ላይ ቡድኑ ለሁለት ተከፈለ። የሙዚቃ መሣሪያዎቹን የሚያውቁት ማርቲን ዌርና ኢያን ክሬግ ማርሽ ተለይተው ሲሄዱ፣ ቀድሞ የሆስፒታል ተላላኪ የነበረው ድምፃዊ ፊሊፕ ኦኪና የመድረኩን ስላይድ የሚያዘጋጀው አድሪያን ራይት ብቻ ቀሩ። የአውሮፓ ጉዞ ቀኑ ደርሶ ስለነበር ኦኪ በከተማዋ አንድ የጭፈራ ቤት ያያቸውን ሁለት ተማሪዎች፣ ሱዛን ሳሊንና ጆአን ካትራልን፣ ወላጆቻቸውን አስፈቅዶ ይዟቸው ሄደ። ኋላም ኢያን በርደንና ጊታር ተጫዋቹ ጆ ካሊስ ተጨመሩ።

ሸክላውን ያቀናበረው ማርቲን ረሸንት ነበር። ካሊስ እንኳ ጊታሩን አስቀምጦ ወደ ሲንተሳይዘር እንዲዞር ሆነ። ከበሮውን የሚመታው በ1980 ገበያ ላይ የዋለው የሮጀር ሊን የከበሮ መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ የሰው እጅ መትቶት የተቀረጸን የከበሮ ድምፅ በማኅደሩ ይዞ፣ አቀናባሪው ባዘዘው ምት መልሶ ያሰማል። ይህን የመሰለው መሣሪያ እንጀራቸውን እንዳይነጥቃቸው የሠጉ ነበሩ፤ በ1982 የብሪታንያ ሙዚቀኞች ማኅበር የመካከለኛው ለንደን ቅርንጫፍ ሲንተሳይዘርና የከበሮ መሣሪያ እንዲታገዱ እስከ መወሰን ደርሷል። ሥጋቱ ከንቱ አልነበረም። ሆኖም በመሣሪያው ውስጥ የአንድ ከበሮ መቺ ድካም እንዳለ፣ ድምፆቹን እየመረጠ በትዕግሥት የደረደራቸውም ሰው እንደሆነ መዘንጋት አይገባም።

የሸክላው አሥረኛና የመጨረሻው ዘፈን «ዶንት ዩ ዎንት ሚ» ይባላል። አንድ ሰው በመጠጥ ቤት አስተናጋጅነት ያገኛትን ሴት ለዝና እንዳበቃት እየቈጠረ፣ አሁን ትታው ልትሄድ መሆኗን ሲሰማ ይማጠናል፤ ያስፈራራልም። እዚህ ላይ ዘፈኑ ቢያበቃ ኖሮ እንደ ሌሎቹ በሆነ ነበር። ግን ሳሊ ተነሥታ መልስ ትሰጣለች፦ አስተናጋጅ መሆኗን አትክድም፤ ያለ እርሱም ቢሆን የተሻለ ቦታ እንደምትደርስ ግን አውቃ እንደነበር ትናገራለች። አድማጩ በአንድ ታሪክ ላይ ሁለት ምስክሮች ስለሚሰማ ፍርዱ ለእርሱ ይቀራል። ኦኪ ራሱ ዘፈኑ የፍቅር ሳይሆን የሥልጣን ትግል ታሪክ ነው ብሏል።

ኦኪ ይህን ዘፈን ደካማ ነው ብሎ ስላመነ በመጨረሻ እንዲቀመጥ አደረገ፤ ለብቻው እንዳይታተምም ተቃወመ። አሳታሚው ቨርጂን ግን አሳተመው። በ1981 የገና ሰሞን በብሪታንያ፣ በ1982 ደግሞ በአሜሪካ ቀዳሚውን ደረጃ ያዘ።

እንግዲህ በዘፈኑ ውስጥ የተነሣው ጥያቄ በሸክላው ላይም ይነሣል፦ ማን ማንን ለወግ አበቃ? ኦኪ ሁለቱን ወጣቶች ከጭፈራ ቤት አምጥቷቸዋል፤ ነገር ግን የሳሊ ድምፅ ባይኖር ዘፈኑ የአንድ ቅር የተሰኘ ወንድ ብሶት ሆኖ በቀረ ነበር። የረሸንት ትዕግሥት፣ የካሊስና የራይት ድርሰት፣ ስሙ ያልተጠራው ከበሮ መቺም ድርሻ አላቸው። በኅብረት የተሠራን ሥራ አንድ ሰው «እኔ ፈጠርሁት» ሲል፣ የዚያች አስተናጋጅ መልስ ሊታወሰው ይገባል።