የመንትዮች ሙቀት

በኑዌር ባህል መንትዮች «ወፎች» ይባላሉ። ያለ ጊዜያቸው ሲወለዱም ከሁሉ አስቀድሞ የሚሹት እንደ ጫጩት ሙቀትን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ ዶክተር ኤድጋር ሬይ የማሞቂያ ሣጥን ቢያጥራቸው ሕፃናቱን በእናቶቻቸው ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ አሳቀፉ፤ ዘዴውም «የካንጋሮ እንክብካቤ» ተባለ። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተደረገው ሙከራ በ2005 ታተመ። በ2021 የወጣው የአምስት ሀገሮች ጥናት ደግሞ፣ የሕፃኑ ሁኔታ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ ቢጀመር ሞት በ25 በመቶ እንደሚቀንስ አስረዳ፤ በዚያም እናቲቱ የመረጠችው ዘመድ ተክቷት ያቅፍ ነበር።

ይህ ለጋምቤላ ነርሶችና አዋላጆች ታላቅ ትምህርት ነው። መንትዮቹ ሁለት ደረት ይሻሉ፤ በቤት የቀረው፣ ገና ድክ ድክ የሚለው ታላቃቸውም እናቱን ይጠብቃል። ስለዚህ አባትን፣ አያትንና አክስትን በተራ ማሳቀፍ ውለታ ሳይሆን የሕክምናው ክፍል ነው።