መጫኛ ነካሽና ቆዳ ፋቂ

ገዳሪፍ ሱቅ ገብቶ መርኩብ እግሩ ላይ ያልለካ የሐበሻ ነጋዴ ጥቂት ነው። ዋጋ እንከራከራለን፣ ስፌቱን እናያለን፣ ቆዳውን አጥፈን እንፈትሻለን። ማን እንዳለፋው ግን አንጠይቅም። ይህ አለመጠየቅ በምንመላለስበት መንገድ ላይ ረጅም ታሪክ አለው፤ ታሪኩም እኛን ነጋዴዎችን ይነካል።

ከጎንደር በጭልጋ አድርጎ መተማ፣ ከዚያ ገላባትን ተሻግሮ ገዳሪፍ የሚደርሰው መንገድ የሲራራ ነጋዴ መንገድ ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መተማ ገበያ ላይ ቡና፣ ሰም፣ በቅሎና ቆዳ ይሸጥ ነበር። ሰውም ይሸጥ ነበር፤ ይህን ዘሎ የዚያን ገበያ ታሪክ ማውራት አይገባም።

የሲራራው ነጋዴ ያለ ቆዳ አንድ ቀን አይጓዝም። ስንቁ በስልቻ፣ ውሃው ሱዳኖች ጊርባ በሚሉት የቆዳ መያዣ፣ ጭነቱ በጠፍር መጫኛ፣ መኝታው በቁርበት ነበር። ሥጋ ላይ ድንበር ነበረ፦ ክርስቲያኑ የሙስሊሙን እርድ አይቀምስም፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን። ቆዳው ግን ይህን ድንበር አያውቅም። ብዙ የእስልምና ሊቃውንት የበከተ እንስሳ ቆዳ እንኳ ሲለፋ ይነጻል ይላሉ። ስለዚህ በአንድ ማዕድ የማይቀርቡ ሁለት ሰዎች አንዱ ከሌላው ቆዳ ገዝተው በሰላም ይለያዩ ነበር።

ሰላም ያላገኘው ቆዳውን ያለፋው ሰው ነው። በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ቆዳ ፋቂ ከመንደር ዳር ይሰፍራል፣ ርስት አይኖረውም፣ ልጁን ለሌላ ወገን አይድርም ነበር። «ፋቂ» የሚለው የሙያ ስም ራሱ ስድብ ሆነ። ሰበብ የሚደረገው ሽታውና እርጥብ ቆዳ መንካቱ ነበር። ሰበቡ ግን አይቆምም። ቅዱሳት መጻሕፍት የተጻፉበት ብራና የፍየልና የበግ ቆዳ ነው፤ እሱም ተወጥሮ፣ ተፍቆ ነው የሚዘጋጀው። ብራና የሚፍቀው የቤተ ክህነት ሰው በመፋቁ ከማኅበር አልወጣም። ፍየሏ አንድ፣ መፋቁም አንድ፤ የተለየው የሠራተኛው ደረጃ ብቻ ነው። የተናቀው እንግዲህ ሰውየው ነው፤ ቆዳውማ ትከሻ ላይ ተከብሮ ይውላል።

እዚህ ላይ ነጋዴው ራሱን ቢያይ መልካም ነው። የአገሬው መኳንንት እኛንም «መጫኛ ነካሽ» ይሉን ነበር፤ ጭነት ስናጠብቅ ጠፍሩን በጥርስ ይዘን እንጎትታለን ለማለት ነው። አንዱ በቆዳው ሥራ፣ ሌላው በቆዳው ጠፍር ተሰደበ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ሲያወጡ እንዲህ ያለው ስድብ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ያሳያል። በአዋጅ ያልተነቀለ ነገር ግን ብዙ ነው። ዛሬ ነጋዴን በዚያ ስም የሚሰድብ የለም፤ ሀብት ስሙን አጥቦታል። የፋቂው ስም ግን በአንዳንድ ቦታ እስካሁን አልታጠበም። እኛም ከስድቡ ስንወጣ እሱን ይዘነው አልወጣንም።

ቆዳ መልበስ ልክ ነው ወይ ብለው የሚጠይቁ ሰዎች አሉ። ለሥጋ የታረደ በግ ቆዳው ከሚጣል ቢለበስ ይሻላል እላለሁ። ለቆዳው ብቻ የሚገደለው ግን ሌላ ነው። በሱዳን የነብር ቆዳ መርኩብ የክብር ጫማ ተደርጎ ይታያል። የነብር ቆዳ ንግድ ግን ሲቲስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ ነው፤ ሱዳንም ኢትዮጵያም ፈርመዋል። ስለዚህ ያንን ጫማ ለትርፍ ድንበር ማሻገር እንደ ማንኛውም ሸቀጥ አይታይም።

እንግዲህ መርኩብ ስንለካ ከዋጋው ሌላ ሁለት ጥያቄ እንጨምር፦ ከምን እንስሳ ነው? ያለፋው ማን ነው፣ ስንትስ ደረሰው? ሻጩ ላያውቅ ይችላል። ገዢ ሁሉ ከጠየቀው ግን ማወቁ አይቀርም። ደግሞ ቤታችን ስንመለስ፣ የዚያን ሰው ልጅ ልጃችን አገባለሁ ቢል ምን እንደምንመልስ ከአሁኑ እናስብበት።