የካራቆሬ ቤቶች፦ ከምስጥ እስከ ምድር ነውጥ

የአንድ አገር የቤት አሠራር ታሪክ ሲጻፍ ዓይን የሚያርፈው አብዛኛውን ጊዜ በቤተ መንግሥትና በቤተ አምልኮ ላይ ነው። ሰፊው ሕዝብ በእጁ ቦክቶ፣ በእጁ መርጎ፣ በየዓመቱ እየጠገነ ለልጅ ልጁ ያወረሰው ጭቃ ቤት ግን እንደ ታሪክ ምስክር ሲቆጠር እምብዛም አይታይም። በይፋት ቆላ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ካራቆሬ ለዚህ ዓይነቱ ታሪክ የተለየ ቦታ አላት። በዚያች ከተማ የቤት ጣጣ ማለት የሚያፈስ ጣራና የሚጮኽ በር ብቻ አይደለም፤ ምድሪቱም ራሷ የምትገባበት ጉዳይ ነው።

ነባሩን የይፋት ቤት የሚያቆመው ወጋግራ ነው። ወጋግራው በተቆፈረለት ጉድጓድ ይተከላል፤ ማገር ይማገርበታል፤ ማገሩ በልጥ ይታሰራል፤ ከዚያም ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ የሰነበተ ጭቃ ይመረግበታል። ሥራው የደቦ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ደቦው ከተበተነ በኋላ፣ ቤቱ ለባለቤቱ ብቻ ሲቀር ነው።

የቆላው ቀዳሚ ጠላት ምስጥ ነው። ምስጥ በግልጽ አይመጣም፤ ከምድር ተነሥቶ፣ በልስኑ ውስጥ መንገዱን በአፈር ሸፍኖ፣ ወጋግራውን ከውስጥ ይበላዋል። ግድግዳው ከውጭ ሲታይ ደህና ነው፤ ልስኑ ተለስኗል፣ እበቱም ተቀብቷል። ውስጡ ግን ባዶ ቀፎ ሆኗል። ወይራና ጥድ እንደልብ በሚገኙበት ዘመን ይህ ጉዳት ያን ያህል አይከፋም ነበር፤ ሁለቱም ምስጥን የመቋቋም ኃይል አላቸውና። ደኑ እየተመናመነ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ የቤት እንጨት እየሆነ ሲሄድ ግን የወጋግራው ዕድሜ አጠረ። ከጊዜ በኋላ እግሩን የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጓሮውም የራሱን ዕዳ ያመጣል። ጌሾው፣ ሎሚው፣ ጤና አዳሙና በሶብላው ለእመቤቲቱ እንዲቀርቧት ከግድግዳው ሥር ይተከላሉ። የሚጠጡት ውኃ ወደ ወጋግራው እግር ይሰርጋል። በቤቱ ዙሪያ የተቆፈረው ቦይ በአፈርና በቅጠል ሲደፈን የክረምቱ ጎርፍ መውጫ አጥቶ እዚያው ይቆማል። እርጥበቱ ምስጥን ይጠራል፤ ምስጡ እንጨቱን ይበላል። የጠወለገ ሎሚ ያዳነው ውኃ ቤት ያዘምማል። ባለቤቱ ግን የዘመመውን ግድግዳ በድጋፍ እንጨት ደግፎ ሌላ አምስት ዓመት ይኖርበታል፤ ድጋፉም ራሱ ለምስጥ አዲስ መሰላል ይሆናል።

ይህ ሁሉ ተራ የቤት ጉድ ነው፤ በሌላ አገር ቢሆን ኖሮ ከጎረቤት ወሬ አያልፍም ነበር። ካራቆሬ ግን በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ግርጌ ያለች ናት። በግንቦት ወር 1953 ዓ.ም. መጨረሻ ምድሪቱ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ለግንቦት 25 አጥቢያ በሬክተር መለኪያ 6.5 ገደማ የደረሰው ዋናው ነውጥ መጣ። የማጀቴ ከተማ ፈጽሞ ፈረሰች፤ በካራቆሬም ብዙ ቤቶች ወደቁ። ከካራቆሬ በስተሰሜን 17 ኪሎ ሜትር ያህል አውራ ጎዳና በመሬት መሰንጠቅና በናዳ ተጎዳ። ንዝረቱ እየበረደ እየተነሣ ለወራት ቀጠለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ምርምር ጣቢያን የመሠረቱት ካናዳዊው ፒየር ጉዋን ነገሩን ተከታትለው መዝግበዋል፤ በ1971 ዓ.ም. ባሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የምድር ነውጥ ታሪክ ውስጥም የካራቆሬ ስም ጎልቶ ይገኛል።

የቤት ነገር የሚያሳስበው እዚህ ላይ ነው። በልጥ የታሰረ ማገር ሲናወጥ ይላወሳል እንጂ በአንድ ጊዜ አይሰበርም፤ በዚህ ረገድ ጭቃ ቤት ያለማያያዣ ከተካበ የድንጋይ ካብ ይሻላል። ይህ ግን ወጋግራው ጤነኛ ከሆነ ነው። እግሩ የበሰበሰ፣ ሆዱን ምስጥ የበላው ወጋግራ የሚያላውሰው ነገር የለውም፤ ይቆረጣል፤ ጣራውም ከነጭነቱ ይመጣል። የነውጡን ጉልበት ሰው ሊቀንሰው አይችልም፤ የቦዩን አፈር ማውጣት ግን የአንድ ቀን ሥራ ነበር። በዚያ ላይ ጊዜው ክፉ ነበር። ቤት የፈረሰበት ሰው ሰኔ ሊገባ በቀናት ዕድሜ ሲቀረው፣ የእርሻውን ሥራ ሳይተው፣ ከዋናው ዝናብ በፊት ጣራ ማቆም ነበረበት። በጥድፊያ የቆመ ቤት ደግሞ እርጥብ እንጨት እንደሚተከልበት አናጢ ሁሉ ያውቃል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ጥገናም አዲስ መልክ ያዘ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች በከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት እጅ ገቡ። ለተከራዩ የኪራዩ መቀነስ እውነተኛ እፎይታ ነበር። ዳሩ ግን ዝቅተኛ ኪራይ ለቆርቆሮና ለሚስማር የሚተርፍ ገንዘብ አያስገኝም፤ ተከራይም የራሱ ባልሆነ ወጋግራ ላይ ጉልበቱን ለማፍሰስ ያመነታል። በየከተማው ብዙ ነባር ቤት የዘመመው በዚህ መሐል ነው።

ከዚያ ወዲህ ቤት ያፈረሰው ተፈጥሮ ብቻ አይደለም፤ በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአካባቢው በደረሰው ግጭት በአጣዬና በካራቆሬ ብዙ ቤቶች ተቃጥለዋል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከይፋት በስተደቡብ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ምድር ተናወጠች፤ ታኅሣሥ 26 ቀን የተመዘገበው 5.8 ደረሰ፤ ንዝረቱ እስከ አዲስ አበባ ተሰማ። የአገሪቱ የሕንፃ ደንብ ስለ ምድር ነውጥ የሚደነግገው በዋነኛነት ለብረትና ለኮንክሪት ሕንፃ ነው። ጭቃ ቤቱን የሚመረምረው ዛሬም ባለቤቱ ነው፤ የሚመረምረውም በልግ ሲወጣ ወጋግራውን በመጥረቢያ ጀርባ እየመታ፣ ድምፁን እያዳመጠ ነው።