ወረቀቱ ሲ ይላል፣ ጆሮ ኢ ፍላት ይሰማል

ከጥቂት ዓመታት በፊት አልቶ ሳክስፎን የሚጫወት ወዳጄ ለሠርግ ልምምድ ሳይመጣ ቀረ። ኖታውን ግን ልኮት ነበር። ኪቦርዱ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝና “ችግር የለም፣ የእሱንም እሸፍናለሁ” ብዬ ወረቀቱን እንዳለ መጫወት ጀመርኩ። ዘፋኙ ሁለት ስንኝ ሳይጨርስ ዞሮ አየኝ። ቤዙ ሌላ አገር፣ እኔ ሌላ አገር ነበርን። ኖታው ስህተት አልነበረበትም፤ ያጠፋሁት እኔ፣ የሳክስፎን ወረቀት ለፒያኖ እንደተጻፈ አድርጌ ማንበቤ ነው።

ነገሩ ረጅም ታሪክ አለው። የጥንቱ ትራምፔትና ሆርን ቫልቭ አልነበራቸውም። አንድ ቱቦ የሚሰጠው ጥቂት ድምፆችን ብቻ ስለሆነ፣ ዘፈኑ ከሌላ ድምፅ ሲነሣ የሆርን ተጫዋቹ አንዱን የቱቦ ቅጥያ ነቅሎ ሌላ ይሰካል። ወረቀቱ ላይ ግን ያው “ሲ” ይጻፍለታል፤ የሚወጣው ድምፅ በሰካው ቱቦ ርዝመት ይወሰናል። እ.ኤ.አ. በ1818 ሽቶልዝልና ብሉሜል ፕሩሺያ ውስጥ ቫልቭን በስማቸው አስመዘገቡ፤ ልማዱ ግን አልሞተም። ቤልጅጋዊው አዶልፍ ሳክስ በ1846 ፓሪስ ላይ ሳክስፎንን ሲያስመዘግብ ይህንኑ ልማድ ይዞ ቀጠለ። ዛሬ የምናውቃቸው ሳክስፎኖች ተራ በተራ የኢ ፍላትና የቢ ፍላት ናቸው። ጥቅሙ? አልቶ የለመደ ሰው ቴነር ቢሰጡት ጣቱን እንደገና ማስተማር የለበትም። ወረቀቱ የሚናገረው ለጣት ነው፤ ድምፁን መሣሪያው ራሱ ይተረጉመዋል።

ኪቦርድ ላይ የተቀመጠ ሰው ግን የሚተረጉምለት የለም። የትራምፔት ወረቀት ሲ ካለ፣ ጥቁሩንም እየቆጠራችሁ ሁለት ቁልፍ ወደ ታች ውረዱ፤ ቢ ፍላት ናት። ቴነር ሳክስም እንዲሁ ነው፣ አንድ ኦክታቭ ተጨማሪ ዝቅ ይላል እንጂ። ብዙዎቻችን የምንወድቀው አልቶ ላይ ነው፤ የተጻፈው ሲ ዘጠኝ ቁልፍ ወርዶ ኢ ፍላት ሆኖ ይሰማል። ከሲ የተነሣ ትዝታ ሜጀር ለፒያኖ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። የአልቶው ወረቀት ግን ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ ይላል። (የኪቦርዱን ትራንስፖዝ ለትራምፔት ሁለት፣ ለአልቶ ዘጠኝ ዝቅ ማድረግም ይሠራል። ለሚቀጥለው ዘፈን ወደ ዜሮ መመለሱን ረስቶ ያልተዋረደ ኪቦርዲስት ካለ ያስተዋውቁኝ።)

ታዲያ ይህ ለፖለቲካ አንባቢ ምኑ ነው? የእኛ ዘመናዊ ሙዚቃ የተወለደው ከትንፋሽ መሣሪያ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን እየተመሩ የቤተ መንግሥቱ የነሐስ ባንድ ሆኑ። ከዚያ የክብር ዘበኛ መጣ፣ የፖሊስ ኦርኬስትራ መጣ፣ የኬቮርክ ወንድም ልጅ ነርሲስ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር አቀናበረ። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በቴነር ሳክስ ያስፎከረው በዚህ መንገድ ላይ ነው። ከዚያ ደርግ፣ ሰዓት እላፊ፣ ካሴት። ኪቦርድ ገባና የአራት ሰው ሥራ በአንድ ሰው ደመወዝ ተሠራ። ኪቦርዱን አልወቅስም፤ ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ላይ በአኮርዲዮንና በኪቦርድ ምን እንደሠራ ሰምተናል። የጠፋው ግን ድምፁ ብቻ አይደለም፣ ወረቀቱን የሚያነብ ሰውም ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ጎበዝ ወጣት አቀናባሪ፣ ከአንድ ጡረተኛ ሙዚቀኛ ቤት ያገኘውን የትራምፔት ኖታ አሳየኝ። “ስህተት የበዛበት ነው” አለኝ፤ ከቤዙ ወረቀት ጋር አልገጥም ስላለው ሦስት ገጽ በቀይ እስክሪብቶ አርሞታል። ከላይ በግራ ጥግ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ “ቢ ፍላት” ተብሎ ተጽፏል። የዘፈኑ ቅኝት መስሎት ነበር።