ባፈናን ያየ ዐይን

ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ሆኖ ወደ ደቡብ ምዕራብ ቀና ብሎ ለሚመለከት ሰው የፉሪ ተራራ ይታየዋል። ፈንጠር ብሎ በምዕራብ ወጨጫ፣ በስተሰሜን ደግሞ እንጦጦ ቆሟል። ዛሬ ለቡ፣ መካኒሳ፣ ሳር ቤትና ጎፋ የሚባሉት መንደሮች የተዘረጉበት ሜዳ በእነዚህ ተራሮች እቅፍ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ የሸዋ ቤተ መንግሥት ከአንኮበር ተነሥቶ ወደ ደቡብ ሲያዘነብል በ1870ዎቹ ዓመታት የንጉሥ ምኒልክ ዐይን ያረፈበት አገር ነው። ስለዚህ ጉዞ የጦር ስልቱ፣ የንግዱ መንገድ፣ የማገዶ እጦቱና የፍልውሃው ነገር ብዙ ተጽፏል። ንጉሡ ከሠፈር ወደ ሠፈር በተዘዋወሩባቸው በእነዚያው ዓመታት ትዳራቸውም ፈርሶ እንደ ገና መሠራቱ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ፍቺው በ1870ዎቹ አጋማሽ፣ አዲሱ ጋብቻ በ1875 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባ መቆርቆር በ1879 ዓ.ም. ነው። ቀኖቹ እንዲህ ተቀራርበው ሲታዩ ከተማይቱ የአንድ ጎልማሳ ሰው የሁለተኛ ዕድል ፍሬ ናት ማለት ከእውነት እጅግ የራቀ አይሆንም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ ብላቴናው ሣህለ ማርያም በአፄ ቴዎድሮስ እጅ ወደቀ፤ በመቅደላም እንደ እስረኛም እንደ ልጅም ሆኖ አደገ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደዱት፤ ልጃቸውን አልጣሽንም ዳሩለት። በ1857 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ግን የሸዋው አልጋ ወራሽ ሃያ አንደኛ ዓመቱን ሳይጨርስ ሌሊት ከአምባው አመለጠ። አልጣሽ እዚያው ቀረች። አምላጩን የወሎዋ ወርቂት ተቀብላ አሳለፈችው፤ ቴዎድሮስም በቁጣ ነድደው በመቅደላ የነበሩትን የወሎ መያዣዎች፣ የወርቂትን ልጅ ጭምር፣ አስገደሉ። የመጀመሪያው ጋብቻ ፍጻሜ ይህ ነው። ከእስር ለሚያመልጥ ወጣት የሚስት ነገር ሁለተኛ ጉዳይ ቢሆን አይፈረድበትም ይባል ይሆናል፤ የተከፈለው ዋጋ ግን የእርሱ ብቻ አልነበረም።

ወደ ሸዋ ተመልሰው አልጋቸውን ከያዙ በኋላ ልባቸውን የገዙት ወይዘሮ ባፈና ወልደ ሚካኤል ናቸው። ባፈና በዕድሜ ንጉሡን የሚበልጡ፣ ከዚያ በፊት ባል አግብተው የፈቱ፣ የልጆች እናትም የነበሩ ሴት ናቸው። መልካቸው የተደነቀ፣ ብልሃታቸውም የተፈራ ነበር። በግቢው ያለ እሳቸው ምክር የሚያልፍ ጉዳይ ጥቂት እንደ ነበረ ይነገራል። ከምኒልክ ግን ልጅ አልወለዱም። ንጉሡ ከሌሎች ሴቶች ልጆች ነበሯቸው፤ ኋላ ንግሥተ ነገሥታት የሆኑት ዘውዲቱም በ1868 ዓ.ም. ከአንዲት የወሎ ወይዘሮ ተወለዱ። በዕድሜ ለገፋችና ለንጉሡ ለማትወልድ ሚስት፣ ባሏ ከሌላ መውለዱ ምን ማለት እንደ ሆነ ማሰብ አይከብድም። የሚመጣው ዘመን የእርሷም የልጆቿም አለመሆኑን የሚያውጅ ነበር።

በ1869 ዓ.ም. ምኒልክ ወደ በጌምድርና ወደ ጎጃም ዘምተው ሳለ በአንኮበር ዐመፅ ተነሣ፤ አጎታቸው መርዕድ አዝማች ኃይለ ሚካኤል አልጋውን ተመኙ። ያ ተንኮል ሲከሽፍ የባፈና ክንድ ተገለጠ። ወይዘሮዋ በባላቸው ስም ያገኙትን ሥልጣን ተጠቅመው ኃይልና ሀብት በእጃቸው ለማስገባት፣ ከወለዷቸው ልጆች አንዱንም ለአልጋ ለማብቃት ሞከሩ። ምኒልክ ተመልሰው ነገሩን አከሸፉ። በዚያ ዘመን ለእንዲህ ያለው ድርጊት የሚሰጠው ቅጣት የታወቀ ነበር፤ ሰንሰለትና አምባ፣ ሲከፋም ሞት። ባፈና ግን አንገታቸው አልተነካም። ይልቁንም ለጥቂት ጊዜ ከተለዩ በኋላ ወደ ንጉሡ ቤት ተመለሱ።

ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን የንጉሡ ቸርነት ማስረጃ አድርገው ይጠቅሱታል። በእርግጥም ምኒልክ የጠላታቸውን እጅ ይዘው ምሕረት በማድረግ የታወቁ ሰው ናቸው፤ በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ የማረኳቸውን የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን እንዴት እንደ ያዙ ይታወቃል። የባፈና ጉዳይ ግን በምሕረት ብቻ የሚተረጎም አይመስልም። ምሕረት ጠላትን ወደ አገሩ ይመልሳል እንጂ ወደ መኝታ ቤት አይመልስም። ንጉሡ ሴራውን በዐይናቸው አይተው፣ ያችኑ ሴት ደግመው ፈለጉ። ዕርቁ ለጥቂት ዓመታት ብቻ ጸና፤ በ1870ዎቹ አጋማሽ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1882፣ ለመጨረሻ ጊዜ ተለያዩ።

ለመለያየቱ ቀላልነት የጋብቻው ዓይነት አስተዋፅኦ አድርጓል። በአገሪቱ ልማድ የሰማንያ ጋብቻ በሽማግሌ ታስሮ በሽማግሌ የሚፈታ፣ የደሞዝ ጋብቻ ደግሞ በውል ለተወሰነ ጊዜ የሚደረግ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ ሥጋ ወደሙ በመቀበል የሚፈጸመው ቁርባን ግን አይፈታም። ስለዚህም ብዙው መኳንንት ዕድሜው እስኪገፋ ድረስ ከቁርባን ይሸሽ ነበር። የምኒልክና የባፈና ጋብቻ የቁርባን እንዳልነበረ ፍቺው ራሱ ይመሰክራል።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር በትውፊት ተጠብቆ የቆየ ሲሆን፣ በውጭ ጸሐፊዎችም ተመዝግቧል። አንድ ባለሟል ንጉሡን ከትካዜያቸው ሊያወጣ ፈልጎ በግቢው ያሉትን ወይዛዝርት ውበት እያነሣ ቢያሞግስ፣ ምኒልክ ባፈናን ባዩበት ዐይን እነዚህን እንዲያዩ መጠየቃቸው እንዳስደነቃቸው ገልጸው ገሠጹት ይባላል። ቃሉ በትክክል እንዲህ ተነግሮ እንደ ሆነ ማረጋገጥ ባይቻልም፣ ነገሩ ከሰውየው ጠባይ ጋር ይስማማል። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሞላቸው፣ ሠራዊት የሚያዙ፣ ግብር የሚያበሉ ንጉሥ፣ ልትገለብጣቸው ለሞከረች ሴት ሲያዝኑ ይታያሉ። እዚህ ላይ ጸጸቱ ምን እንደ ነበረ መለየት ይገባል። ባፈናን በማግባታቸው የተጸጸቱ አይመስሉም፤ በማጣታቸው እንጂ።

ሁለተኛው ዕድል ከሰሜን መጣ። ወይዘሮ ጣይቱ ብጡል የሰሜንና የየጁ መሳፍንት ዘር፣ ማንበብና መጻፍ የሚያውቁ፣ በገና የሚደረድሩ፣ ቅኔ የሚረዱ ሴት ነበሩ። ዕድሜያቸው ከሠላሳ ዓመት አልፏል። እሳቸውም ከዚያ በፊት ያልሠመሩ ብዙ ትዳሮች አይተዋል። ከቀድሞ ባሎቻቸው አንዱ ቀኛዝማች ዝቅአርጋቸው የባፈና ወንድም እንደ ነበሩ ይነገራል፤ ይህ እውነት ከሆነ ሁለቱ ከአንድ ቤት ፍርስራሽ የወጡ ሰዎች ናቸው ማለት ነው። በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ቆረቡ።

የፖለቲካው ጥቅም ግልጽ ነው። የጣይቱ ወንድም ወሌ ብጡል ኃይለኛ ሰው ነበሩ፤ ሰሜንና የጁ ለሸዋ የሚሰጡት ድጋፍ ለነገሠ ነገሥት ዙፋን ለሚያስብ ሰው ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ለፖለቲካ ሰማንያም ይበቃ ነበር። ሁለት ጊዜ ትዳር የፈረሰባቸው ሰው የማይፈታውን ማሰሪያ መምረጣቸው ከጥቅም ስሌት ያለፈ ቁም ነገር አለው። ራሳቸውን ከራሳቸው ጠባይ ለመጠበቅ በር የዘጉ ይመስላል። በሩ ደግሞ አልተከፈተም። ከጣይቱም ልጅ አልተገኘም፤ የባፈናን ቤት ያናወጠው ይኸው ጉድለት ነበር። ይሁንና በዚህኛው ቤት ፍቺን አላመጣም።

ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. በፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ሥፍራውን አዲስ አበባ አሉት። በጥቅምት ወር 1882 ዓ.ም. ባላቸው በእንጦጦ ማርያም በነገሡ በሁለተኛው ቀን የእቴጌነትን ዘውድ ጫኑ። በውጫሌ ውል ክርክር ጊዜ የነበራቸው ጽናት፣ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ መዝመታቸውና በመቀሌ የጠላትን ውሃ እንዲያዝ መምከራቸው በሰፊው የታወቀ ነው።

ምኒልክ ሕመም ሲጸናባቸው እቴጌዪቱ የመንግሥቱን ጉዳይ በእጃቸው አስገቡ፤ ሹም ሻሩ፣ ዘመድ አቀረቡ። መኳንንቱ በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን አግደው ሥራቸው በሽተኛ ባላቸውን ማስታመም ብቻ እንዲሆን ወሰኑ። በባፈና ላይ የቀረበው ክስ፣ በባል ስም ማዘዝ፣ በጣይቱም ላይ ተነሣ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ከሳሹ በዚህ ጊዜ ባል አለመሆኑ ነው። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ጣይቱ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጡ። ከዚያ ሆነው ከተማይቱን ቁልቁል እያዩ አራት ዓመት ያህል ኖረው፣ በ1910 ዓ.ም. አረፉ። አጽማቸው በኋላ ወርዶ በበዓታ ለማርያም ከባላቸው አጠገብ ተቀመጠ።