ማዳፈን ማጥፋት አይደለም

እናቶቻችን ማታ ምድጃ ላይ የቀረውን ፍም በአመድ አዳፍነው ይተኛሉ። ንጋት ላይ አመዱን ገለጥ አድርገው፣ ጭራሮ ጣል አድርገውበት እፍ ሲሉት ይቀጣጠላል። ፍም ሲሸፈን አየር ያጥረውና ቀስ ብሎ ይነዳል እንጂ አይሞትም። ታዲያ ይህንን እያወቅን ጫካ አድረን ስንነሣ እሳቱን አፈር አልብሰን "አጥፍተነዋል" የምንለው በምን ሒሳብ ነው?

ነገሩ ቀላል አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመጋቢት ተቃጥሎ፣ ሚያዝያ ላይ እሳቱ እንደገና ተነሥቶ፣ የኬንያ ሄሊኮፕተርና የእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስከ መምጣት ተደርሷል። በበጋ የደረቀ ሣርና አስታ ባለበት ቦታ፣ ከአፈር ሥር የቀረ ፍም የዛፍ ሥር ይዞ ሲጨስ ሊውል ይችላል። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ነፋስ ሲገልጠው ይነሣል።

በመጀመሪያ፣ ፓርክ ውስጥ ከሆናችሁ ስካውቱን ጠይቁ፤ በተከለከለ ቦታ ጥንቃቄ ማብዛት ፈቃድ አይሆንም። ከተፈቀደ ከዛፍና ከሣር የራቀ ቦታ ምረጡ፤ ዙሪያውን እስከ ባዶ አፈር ድረስ ጥረጉ፤ እሳቱንም አሳንሱት። ነፋስ ካለ ይቅርባችሁ፣ ጋቢ ደርቡ።

ለመነሣት ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀር እንጨት መጨመር አቁሙ። ከዚያ ውኃ አፍስሱ፣ በእንጨት አማስሉ፣ ግንዲላውን ገልብጡ፣ እንደገና አፍስሱ። ጢሱና ሽሽታው ካቆመ በኋላ የእጃችሁን ጀርባ ወደ አመዱ አስጠጉ፤ ሙቀት ካልተሰማችሁ ንኩት። ትኩስ ከሆነ አልጠፋም። ውኃ ካጠረ ፍሙን ከአፈር ጋር እየበተናችሁ እስኪበርድ አማስሉት እንጂ አትቅበሩት። እኔ ግን ውኃ ሳይኖር እሳት ባይነድ እመርጣለሁ።

የሕግ ሰው ነኝና አንድ ነገር ልጨምር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2028 እና 2029 በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ሁሉ ኪሣራ እንዲከፍል ያዛል፤ ጥፋቱም በቸልተኝነት ሊሆን ይችላል። መመዘኛው የአስተዋይ ሰው ጠባይ ነው። "አፈር አልብሼው ነበር" የሚል ተከሳሽ፣ የተዳፈነ እሳት እንደሚነሣ አላውቅም ብሎ ዳኛ ፊት እንዴት እንደሚከራከር አይታየኝም። ዳኛውም ያደገው ፍም በሚዳፈንበት ቤት ነው።