ውኃን ወደ ላይ የማውጣት ዕዳ

የላሊበላ ጠራቢዎች የዝናብ ውኃ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ቁልቁል እንዲወርድ ቦይ ፈለፈሉ፤ ውኃን ሽቅብ የማውጣቱ ሸክም ግን ለዘመናት እንስራ ባዘሉ ሴቶች ጀርባ ላይ ቀረ። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው፣ ተደጋግሞ የሚሞላው የእርሳስ ባትሪ ዛሬ በመኪና ላይ የተገጠመን ፓምፕ ያንቀሳቅሳል። ሆኖም ከከተማው ሽቅብ ወደ አሸተን ማርያም የተመለከተ ሰው፣ ባትሪ በውኃው ብዛት ብቻ ሳይሆን በከፍታውም እንደሚመረጥ ይረዳል። 1000 ሊትር ውኃ 100 ሜትር ከፍ ለማድረግ፣ ፓምፑ የሚቀበለውን ኃይል ግማሹን ብቻ ቢጠቀምበት፣ ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሽ ያህል ጉልበቱን ይጨርሳል። ከዚያ አልፎ መጠቀም፣ በተለይ ለሞተር ማስነሻ የተሠራውን ባትሪ፣ ዕድሜውን ያሳጥራል፤ ሳይሞሉ ማሳደርም በእርሳሱ ላይ ሰልፌት ያጋግራል። ባትሪው ሲሞት ሸክሙ የሚመለሰው ወደዚያው ጀርባ ነው።